እረኛ ምን አለ? — ስለ አየርላንዱ ዘፋኝና ስለ እኛ ድርሻ

ጥንት ባገራችን ገዢው የሕዝቡን ሆድ ለማወቅ ሲፈልግ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር ይባላል። እረኛ ከብቱን እየጠበቀ የሚያንጎራጉራት፣ አዝማሪም በማሲንቆው አጅቦ የሚወረውራት ቃል በአደባባይ ሊነገር ያልተቻለውን እውነት ይዛ ትመጣ ነበርና ነው። ስለዚህ ዘፈንና ፖለቲካ በኛ ዘንድ የትናንት ትውውቅ አይደሉም። ጋዜጣ ሳይታተም፣ ራዲዮም ሳይሰማ፣ ዘፈን ዜና ነበረ፤ አቤቱታም ነበረ።

ዛሬ በዚህ ግድግዳ ላይ የምናነሣው እረኛ ግን ያገራችን ልጅ አይደለም። አየርላንዳዊ የሮክ ዘፋኝ ነው፤ ስሙም ቦብ ጌልዶፍ ይባላል። «የሮክ ዘፋኝና የመምህራን ማሠልጠኛ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ይገናኛሉ እንላለን። በዚህ ሰው ዘፈን ምክንያት፣ በሩቅ አገር የሚኖር ስንቱ ሰው ኢትዮጵያ የሚለውን ስም በሰማ ቁጥር በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት አንድ ሥዕል አለ። ያንኑ ሥዕል ነገ አንድ ተማሪ በስልክ አይቶ መጥቶ «መምህር፣ እውነት ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ዓይናችንን ከማፍጠጥ መልሱን ዛሬ ብናስብበት ይሻላል። ዘመኑን ሁሉ በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ነገሩን ከሥሩ እንያዝ። ጌልዶፍ በ1944 ዓ.ም. በደብሊን አጠገብ ተወለደ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ቡምታውን ራትስ በሚባል ባንድ ውስጥ እየዘፈነ በእንግሊዝ አገር ታወቀ። 1977 ዓ.ም. ሲገባ ግን የባንዱ ዝና እየቀዘቀዘ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ማይክል በርክ የተባለው ጋዜጠኛ ከኮረም ያጠናቀረውን ዜና አሳየ። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። በዚያ የምናውቀው ሜዳ ላይ በብርድ የተኮራመተው ሕዝብ፣ እናት ከነልጇ፣ ሽማግሌው በጋቢው እንደተጠቀለለ፣ በእያንዳንዱ እንግሊዛዊ ሳሎን ውስጥ ገባ።

ጌልዶፍም ይህን ካዩት አንዱ ነበር። ሚጅ ዩር ከተባለ ሙዚቀኛ ጋር ሆኖ ዘፈን ጻፈ። ኅዳር 16 ቀን ሎንዶን ውስጥ በሚገኝ ስቱዲዮ ከ30 በላይ ስመ ጥር ዘፋኞችን ሰብስቦ ባንድ ቀን አስቀረጸ። ስብስቡ ባንድ ኤይድ ተባለ፤ የዘፈኑም ርዕስ ባማርኛ ሲመለስ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚል ነው። ሸክላው በእንግሊዝ አገር ለ5 ሳምንት ያህል በሽያጭ አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ያህልም አስገኘ። አሜሪካኖቹም በፈንታቸው በሃሪ ቤላፎንቴ ቀስቃሽነት ተሰብስበው፣ ማይክል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ የደረሱትን ዘፈን ጥር 20 ቀን አስቀረጹ። በመጨረሻም ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ላይቭ ኤይድ የተባለው ትርዒት በሎንዶኑ ዌምብሌና በፊላደልፊያ ስታዲየሞች ባንድ ቀን ተካሄደ። በዌምብሌ ብቻ 72 ሺህ ያህል ሰው ነበር። በቴሌቪዥን የተከታተለው ሕዝብ ከ1 ቢሊዮን በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። የተሰበሰበውም ገንዘብ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ይነገራል።

እርግጥ ሮክን ለተራበ ሕዝብ ያዘመተ የመጀመሪያው ሰው ጌልዶፍ አይደለም። ሐምሌ 25 ቀን 1963 ዓ.ም. ጆርጅ ሃሪሰንና የሕንዱ ሊቀ ሙዚቃ ራቪ ሻንካር በኒው ዮርክ ለባንግላዴሽ ስደተኞች ዘፍነዋል። ጌልዶፍ የጨመረበት ነገር ቢኖር ስፋቱንና ድፍረቱን ነው። ድፍረቱ የቱ ነው ቢባል፣ የእንግሊዝ መንግሥት ከሸክላው ሽያጭ የሚያገኘውን ግብር አልተውም ባለ ጊዜ በአደባባይ ተሟገተ፤ መንግሥትም በኋላ የግብሩን ያህል ገንዘብ ለእርዳታው ሰጠ። ጠቅላይ ሚኒስትሯን ማርጋሬት ታቸርን በአንድ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ባገኛቸው ጊዜ፣ አውሮፓ ውስጥ ተከምሮ ስለተቀመጠው ትርፍ ቅቤ ፊት ለፊት ጠየቃቸው። በዚያው ዓመት ራሱ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሱዳን መጣ። ድርጅቱም መርከብ ተከራየ፤ የጭነት መኪና ገዛ። እህል ወደብ ላይ ሲከመርና አገር ቤት ሰው ሲያልቅ ያየ ሁሉ የመኪናን ዋጋ ያውቀዋል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆመን ሐቁን እንናገር። በዚያ ገንዘብ የተገዛ እህል በልቶ የተረፈ ሕፃን ዛሬ የ40 ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ምናልባትም የልጆች አባት። ለዚህ ሰው «የዘፈኑ ግጥም ጥሩ አልነበረም» ብንለው ቢስቅብን አይፈረድበትም። የተራበ ሰው የሚያስቀድመው እንጀራውን ነው። ስለሆነም ጌልዶፍን በባዶ ሜዳ ለማንቋሸሽ ከሚሯሯጡት ጋር አንሰለፍም። እንዲያውም ቢ.ቢ.ሲ. በየካቲት 2002 ዓ.ም. ለትግራይ የተሰጠ እርዳታ ለጦር መሣሪያ ውሏል የሚል ዝግጅት ባሰማ ጊዜ የባንድ ኤይድም ስም አብሮ ተነሥቶ ነበር፤ ኋላ ግን በባንድ ኤይድ ገንዘብ ላይ ማስረጃ እንደሌለው አምኖ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ይቅርታ ጠይቋል። ይህንንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሐሜት ቶሎ ይደርሳል፤ ማስተባበያ ግን በእግሩ ነው የሚሄደው።

ነገር ግን ውለታን መቀበል አንድ ነገር ነው፤ የተሳሉልንን ሥዕል ሁሉ ተቀብሎ ግድግዳ ላይ መስቀል ሌላ ነው። ዘፈኑ ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኧረ ለመሆኑ ማንን ነው የሚጠይቀው? በአክሱም ክርስትና የመንግሥት ሃይማኖት የሆነው በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ዓመት ነው። ኮረም በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች፤ ላሊበላም እንዲሁ። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ከየአገሩ ምእመናን የሚጎርፉበት ላሊበላ በእግር ሊደረስበት በሚችል አገር ላይ ሆኖ ሳለ ነው እንግዲህ ይህ ጥያቄ የቀረበው። ከተራቡት ወገኖቻችን መካከልም ሙስሊሙ ብዙ ነበር፤ እሱማ የራሱን በዓል እንጂ የሎንዶንን ገና ሊያውቅ አይገደድም። ደግሞም ዘፈኑ ዝናብ የማይጥልበት፣ ወንዝ የማይወርድበት ምድር አድርጎ ይስለናል። የአባይን፣ የተከዜንና የባሮን አገር! ከናይል ውኃ ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆነው ከኛ ደጋ የሚወርድ መሆኑን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል።

«ዘፈን ነው፤ ጂኦግራፊ አይደለም» የሚል ካለ፣ ልክ ነው። የሚያሳስበን ግን የወንዙ ነገር ብቻ አይደለም። ዘፈኑ ረሃቡን ከሰማይ የወረደ አስመሰለው። ሰማዩ ነጥፎ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። በመሬት ላይ የሆነውስ? በትግራይ፣ በኤርትራና በወሎ ጦርነት ነበር። ገበያ ተዘግቷል፤ መንገድ ተቋርጧል። ገበሬው ምርቱን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በ1976 ዓ.ም. ለለጋሾች የድረሱልን ጥሪ አቅርቧል፤ ምዕራባውያን መንግሥታት ደግሞ የኢትዮጵያን መንግሥት ፖለቲካ እያዩ እጃቸውን አዘገዩ። ደርግም በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአሥረኛውን ዓመት በዓልና የፓርቲውን ምሥረታ በድምቀት ሲያከብር ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ፈቃድ ይከለከሉ ነበር። ከዚያም በኋላ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተወስዶ ሲሰፍር፣ አፈጻጸሙን በግልጽ የነቀፈው ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የፈረንሣይ ክፍል ካገር እንዲወጣ ተደረገ። በዚያ ረሃብ ያለቀው ሰው ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል። ይህ ሁሉ በአንድ የገና ዘፈን ውስጥ አይገባም፤ ግን ካልገባ ደግሞ አድማጩ ረሃብ ማለት የዝናብ እጦት ነው ብሎ ይቀራል። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ግን ባንድ ኤይድ ከመቋቋሙ በፊት፣ በ1973 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሃብ መርምሮ፣ ሰው የሚራበው እህል ካገር ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን እህሉን የሚያገኝበት አቅም ስለሚያጣ ጭምር መሆኑን አሳይቷል። ወሎ ሲራብ እህል ከወሎ ይወጣ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንድረስ። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ጌልዶፍ ለምን እንዲህ ብሎ ዘፈነ?» የሚለው ነው። እኛ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለን፤ የኛ እረኛ የት ነበር?

የኛ እረኛማ አፉ ተይዞ ነበር። በዚያን ዘመን ግጥም በሳንሱር ያልፋል፤ ጋዜጣ በሳንሱር ያልፋል። የወሎ አዝማሪ የወሎን ረሃብ ባደባባይ ቢዘፍን ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ከዚያም በፊት ቢሆን ያው ነበር። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ረሃቡን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ሥዕሉንም በግቢው አሳዩ። ባለሥልጣኖቹ ነገሩን ሊያዳፍኑት ሞከሩ። ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ሲያሳይ ነው ዓለም የሰማው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሡ ሊወርዱ ባንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አቀነባብሮ በቴሌቪዥን አሳየ። እንግዲህ የሰው ረሃብ አሳይቶ ሥልጣን የያዘ መንግሥት፣ በአሥር ዓመቱ የራሱን ዘመን ረሃብ በድግስ ጋረደው። ሁለቱንም ጊዜ እውነቱ ወደኛ የተመለሰው በባዕድ ካሜራና በባዕድ አፍ ነው።

ታዲያ ባዕድ በሚያውቀው ልክ ቢዘፍን ምን ይገርማል? ባለቤቱ ዝም ባለበት ቤት እንግዳው ነው የሚያወራው። የዘፈኑ ጉድለት ከአየርላንዳዊው አላዋቂነት ይልቅ የኛን ዝምታ፣ ይልቁንም ዝም መሰኘታችንን ይመሰክራል። ሴንም በኋላ ጽሑፎቹ ደጋግሞ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ጋዜጣ በነጻነት በሚጻፍበትና ገዢ በሚጠየቅበት አገር ድርቅ ይመጣል እንጂ እልቂት አይመጣም። «እረኛ ምን አለ?» ማለት የጨዋታ ወግ ብቻ አልነበረም፤ የአገር ጤና መለኪያ ነበር።

የነጠላ ሥዕል ጉዳት ደግሞ ቶሎ የሚሽር አይደለም። እህሉ ያንድ ሁለት ዓመት ቀለብ ነበር፤ ሥዕሉ ግን አርባ ዓመት ኖረ። ዘፈኑ በ1982፣ በ1997፣ በ2007 ዓ.ም. እንደገና ተዘፈነ። በ2007ቱ ጊዜ ጉዳዩ የምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ በሽታ ነበር፤ የጋና ተወላጅ የሆነው ዘፋኝ ፊውዝ ኦዲጂ እንዲሳተፍ ተጠይቆ፣ ግጥሙ አፍሪካን የሚያዋርድ ነው ብሎ እምቢ አለ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. አርባኛው ዓመት ሲከበር ደግሞ ኤድ ሺራን የቀድሞ ድምፁ እንደገና እንዲገባ ቢጠየቅ ኖሮ እንደማይፈቅድ ተናገረ። ጌልዶፍ በበኩሉ ዘፈኑ የሰው ሕይወት ማትረፉን እየጠቀሰ ተከራከረ። በኛ አስተያየት ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ፤ አንዱ የሌላውን እውነት መስማት አለመፈለጉ ነው ክርክሩን ያከረረው።

ሙዚቀኞቹ ራሳቸውም እየተማሩ ሄደዋል። በላይቭ ኤይድ መድረክ ላይ ካፍሪካ ምድር የመጣ ሙዚቀኛ ለዓይን አልሞላም ነበር። ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ላይቭ ኤይት ጊዜ ግን ጥያቄው ከሳንቲም ልመና ወደ ዕዳ ስረዛ አለፈ። የቡድን ስምንት መንግሥታት በዚያው ሰሞን ዕዳቸው እንዲሰረዝ ከተስማሙላቸው 18 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ምጽዋት ስለ ሰጪው ቸርነት ሲያወራ፣ የዕዳ ነገር ስለ ፍትሕ ያወራል። ያፍሪካ ሙዚቀኞች ግን ያን ቀንም ቢሆን ከዋናው መድረክ ርቆ ኮርንዎል በሚባል አገር በተዘጋጀ ሌላ ትርዒት ላይ ነው በብዛት የቀረቡት። መማር ቀስ በቀስ ነው፤ እኛ ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለኛ ሙያ በጣም የሚቀርበው ግን ብዙ የማይወራለት ነገር ነው። የዩ ቱ ባንድ ዘፋኝ ቦኖ፣ እሱም አየርላንዳዊ ነው፣ ከላይቭ ኤይድ በኋላ በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ከባለቤቱ ከአሊ ጋር ያለ ጋዜጠኛ ጋጋታ ወደ ወሎ፣ አጅባር መጥቶ በመጠለያ ጣቢያ አንድ ወር ያህል ሠርቷል። እዚያም ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ስለ ጤናና ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩ አጫጭር ተውኔቶችንና ዘፈኖችን ካገሬው ሰው ጋር ማዘጋጀት ነበር። ይህ እንግዲህ የኛ ሥራ ነው! ሕፃን የሰማውን ይረሳል፤ የዘፈነውን ግን ቤቱ ይዞ ይገባል፤ ለእናቱም ያሰማል። ስለ ኢትዮጵያ የተዘፈነው ዘፈን ዓለምን ዞረ፤ ከኢትዮጵያውያን ጋር የተዘፈነው አጅባር ቀረ። ሆኖም የትኛው አስተማረ ብንባል መልሳችን አያጠራጥርም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የ1977ን ረሃብ ስናስተምር «ዝናብ ጠፋ፣ ፈረንጅ ደረሰ» ብለን አንለፈው። ድርቁን፣ ጦርነቱን፣ የገበያውን ፖሊሲ፣ የዝምታውን ፖለቲካ፣ የለጋሾቹን መዘግየት ሁሉ እንደየክፍሉ ደረጃ እናስረዳ። በቁስለኛና በርሃብተኛ መካከል ሌት ተቀን የሠሩትን ኢትዮጵያውያን ነርሶች፣ ሾፌሮችና መምህራንም አንርሳ። በዘፈኑ ውስጥ ስማቸው የለም፤ በትምህርታችን ውስጥ ግን ሊኖር ይገባል።

ሁለተኛ፣ ለመልመጃ ማስተማር ወደየወረዳው ስንበተን ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን እንጠይቅ። ያንን ዘመን ያዩ እማማና አባባ እየቀነሱ ነው። ምን በሉ? ማን አካፈላቸው? በየትኛው መንገድ ተሰደዱ? ምን ብለው አንጎራጎሩ? ፈቃዳቸውን አግኝተን፣ አክብረን እንጻፍ። ያ ነው ለሥዕሉ መልሱ። በንዴት የሚሰጥ መልስ ሥዕሉን አያጠፋውም፤ ሌላ የሞላ ሥዕል አጠገቡ ሲቆም ግን ትንሽነቱ ይታያል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው በየክፍላችን ውስጥ ያለው ነው። ረሃብን ከጋዜጠኛ በፊት፣ ከዘፋኝም በፊት የሚያየው መምህር ነው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ራሱን ዴስክ ላይ የሚደፋው ልጅ፣ ሰኞና ማክሰኞ የምትቀረው ልጅ፣ ድንገት ግማሹ ወንበር ባዶ የሚሆንበት ክፍል፣ ይህ ሁሉ ዜና ነው። «ሰነፍ!» ብለን የምንገሥጸው ልጅ ምናልባት ትናንት ማታ እራት ያልበላ ይሆናል። እንጠይቀው። በስም ጥሪው ላይ ቀሪ ብለን ምልክት አድርገን ብቻ አንለፍ፤ ለርዕሰ መምህሩ እንናገር፤ ለወረዳው እንጻፍ፤ ካልሰሙ ደግመን እንጻፍ። «ዝም በል!» የሚለውን ቃል ደግሞ ከአፋችን እንቀንስ። በክፍል ውስጥ ዝም መባልን የለመደ ልጅ አድጎ አደባባይ ሲወጣ ይናገራል ብሎ ማሰብ ዘበት ነው።

እጩ መምህራንም አስተማሪዎቻችንም በዚህ ላይ ያላችሁን አሳብ፣ ተቃውሞም ቢሆን፣ በግልጽ ጻፉልን። ከመልመጃ ማስተማር ስትመለሱም ከሽማግሌዎች የሰማችሁትን ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል አምጡ፤ የሚቀጥለው እትም ግማሽ ገጽ ለዚሁ ተይዟል። አገራችን እረኛ አላጣችም፤ የሚጠይቀውና የሚሰማው ግን ያስፈልጋል፤ ይህም የመምህር ሥራ ነው።